ማዕረጉ ወረደ፣ ርስቱ ቆመ፦ ሰር አሌክ ዳግላስ-ሂዩምና የዛሬው የብሪታኒያ ክርክር

ብሪታኒያ ውስጥ ሁለት የቆዩ ክርክሮች በአንድ ሰሞን ገጠሙ። አንዱ ለንደን ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2024 የሌበር (የሠራተኛው ፓርቲ) መንግሥት አንድ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ረቂቁ በዘር ውርስ ፓርላማ ውስጥ የሚቀመጡትን ሎርዶች ጨርሶ የሚያስወጣ ነው። ሌላው ኤድንብራ ላይ ነው። በኖቬምበር 2025 የስኮትላንድ ፓርላማ ትልልቅ ርስቶችን የሚመለከት አዲስ የመሬት ሕግ አጸደቀ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ማደባለቅ ቀላል ነው። በተለይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ። እኛ ዘንድ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱም፣ የመሳፍንቱ ማዕረግም፣ የገጠር መሬት ባለቤትነትም ተያይዘው ነው የወደቁት። ስለዚህ "ሎርዶቹ ሊሻሩ ነው" ሲባል መሬታቸውም አብሮ የሚሄድ ይመስለናል። ብሪታኒያ ውስጥ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ማዕረግ፣ የፓርላማ ወንበርና መሬት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ አላቸው። አንዱ ሲነካ ሌላው ላይነቃነቅ ይችላል።

ይህን የአንድ ሰው ሕይወት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሰውየው የስኮትላንድ ባለርስት ነበሩ፣ ፖለቲከኛ ሆኑ፣ በ1963 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር። ስማቸው አሌክ ዳግላስ-ሂዩም ነው።

የሂዩም ቤተሰብ

የቤተሰቡ ስም ሲጻፍ "ሆም" ይመስላል፤ ሲነበብ "ሂዩም" ነው። የቤተሰቡ አለቃ ማዕረግ ኤርል ይባላል። ኤርል ከዱክና ከማርክዊስ ቀጥሎ የሚመጣ የመኳንንት ደረጃ ነው። የሂዩም ኤርልነት በ1605 የተሰጠ ነው። ሰጪው የስኮትላንድንም የእንግሊዝንም ዘውድ የደፋው ንጉሥ ጄምስ ነበር። ዋና መኖሪያቸው ሂርሰል የሚባለው ርስት ነው። ኮልድስትሪም ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ትዊድ ወንዝን ከተሻገሩ እንግሊዝ ነው።

"ዳግላስ" የሚለው ስም የመጣው በጋብቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤተሰቡ አለቃ የዳግላስን ርስት የምትወርስ ሴት አገባ። ላናርክሻየር ያለው ሰፊ መሬት ከነስሙ ወደ ሂዩሞች ገባ። ባለርስቶች እርስ በርስ የሚጋቡት ለክብር ብቻ አልነበረም። መሬት ሳይሸጥና ሳይገዛ እጅ ከሚለውጥባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ጋብቻ ነበር።

አሌክ በጁላይ 1903 ለንደን ተወለዱ። ከሰባት ልጆች የመጀመሪያው ናቸው። በበኩርነታቸው ማዕረጉም ርስቱም እሳቸውን ይጠብቅ ነበር። ትምህርታቸው የዚያ መደብ ልጆች የሚሄዱበት ነው፤ መጀመሪያ ኢተን፣ ቀጥሎ ኦክስፎርድ። ክሪኬት በከፍተኛ ደረጃ ተጫውተዋል። ከብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች መካከል በዚያ ደረጃ የተጫወቱት እሳቸው ብቻ ናቸው። በ1936 ኤልዛቤት አሊንግተንን አገቡ። የኤልዛቤት አባት አሌክ ኢተን በነበሩበት ጊዜ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ወንድማማቾቹ አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ታናሹ ጆርጅ በ1943 ካናዳ ውስጥ በአየር ኃይል ሥልጠና ላይ ሞቱ። ዊልያም ደግሞ በኋላ ታዋቂ የቲያትር ደራሲ ሆኑ፤ ከዚያ በፊት ግን የጦር መኮንን ነበሩ። በ1944 የፈረንሳይዋ ወደብ ለ አቭር ስትከበብ ሲቪሎች እንዲወጡ አልተፈቀደም። ዊልያም በጥቃቱ አልሳተፍም አሉ። ጦር ፍርድ ቤት ቀርበው የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ባለርስት ቤተሰብ ሁልጊዜ አንድ አቋም ይዞ ይቆማል ለሚል ሰው ይህ ታሪክ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

አባትየው፣ 13ኛው ኤርል፣ ከመሬቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነትም ቀላል አይደለም። የዳግላስ አካባቢ የድንጋይ ከሰል አገር ነው። በ1930ዎቹ ሥራ አጥነቱ ከበደ። ኤርሉ የአካባቢው ሰው ሥራ እንዲያገኝ ብለው ከቤተ መንግሥታቸው አጠገብ ባለው ግቢ ከሰል እንዲወጣ ፈቀዱ። መሬቱ ሰጠመ፣ ሕንፃው ተሰነጠቀ። በ1938 ዳግላስ ካስል ፈረሰ። ለባለርስቶች የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ደግነት ይሉታል። ተቺዎች በበኩላቸው የመንደሩ ሰው እንጀራ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ራሱ ነው ችግሩ ይላሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው ብዬ አስባለሁ። አንዱ ስለ ሰውየው ነው የሚናገረው፣ ሌላው ስለ ሥርዓቱ።

ለልጁ የሚከፈት፣ ለአባቱ የሚዘጋ በር

የብሪታኒያ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤት አለው። በታችኛው የሚቀመጡት በሕዝብ የተመረጡ ናቸው። በላይኛው፣ በሎርዶች ምክር ቤት፣ እስከ 1958 ድረስ ከጳጳሳትና ከጥቂት ዳኞች በቀር የሚቀመጡት በዘር የወረሱ መኳንንት ነበሩ። አንድ ሰው ሎርድ ከሆነ ለታችኛው ምክር ቤት መወዳደር አይችልም ነበር።

አሌክ ግን በ1931 ከላናርክ ተመርጠው ታችኛው ምክር ቤት ገቡ። ያኔም "ሎርድ ደንግላስ" ይባሉ ነበር። ይህ እንዴት ሆነ? የኤርል የበኩር ልጅ አባቱ በሕይወት ሳለ የሚጠራበት የአክብሮት ስም አለው። ስሙ "ሎርድ" ይላል፤ በሕግ ግን ልጁ ተራ ዜጋ ነው። አባቱ እስኪሞት ድረስ መወዳደር ይችላል።

ስለዚህ ወጣቱ ወራሽ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የኔቪል ቻምበርሌን የፓርላማ ረዳት ሆኑ። በ1938 ሂትለርን ለማግባባት ወደ ሙኒክ ሲኬድ አብረው ነበሩ። በ1940 የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው። ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሁለት ዓመት ገደማ ጀርባቸው በጄሶ ታስሮ ተኙ። በዚያ ጊዜ ማርክስንና ሌኒንን አነበቡ። በ1945 ወንበራቸውን ተሸነፉ፣ በ1950 አስመለሱ።

በጁላይ 1951 አባታቸው ሞቱ። በዚያው ቅጽበት 14ኛው ኤርል ሆኑ። የመረጣቸው ሕዝብ ሳይጠየቅ የላናርክ ወንበራቸው ጠፋ። ሳይፈልጉት ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ተሸጋገሩ። ማዕረግ ጥቅም ብቻ ሳይሆን እግር ብረትም ሊሆን ይችላል የሚለው ክርክር የተነሳው እንደዚህ ካሉ አጋጣሚዎች ነው። እሳቸው ከዚያም ተነስተው በ1960 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ያልተመረጠ ሎርድ ይህን ቦታ መያዙ ያኔም ከባድ ተቃውሞ አስነሥቷል።

የ1963ቱ ሕግ

በሩን የከፈተው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ሂዩም ለነበሩበት ለወግ አጥባቂው ፓርቲ ተቃራኒ ከሆነው ፓርቲ። የሌበሩ ቶኒ ቤን አባታቸው በ1960 ሲሞቱ ቪስካውንት የሚባለውን ማዕረግ ወረሱ። አልፈልገውም አሉ። ሕጉ መጣል አይቻልም አላቸው። በ1961 በማሟያ ምርጫ ተወዳድረው አሸነፉ። ሆኖም ፍርድ ቤት ወንበሩን ለተሸነፈው ተወዳዳሪ ሰጠ። ሕዝብ የመረጠው ሰው በአባቱ ማዕረግ ምክንያት መባረሩ ብዙዎችን አስቆጣ።

በጁላይ 1963 አዲስ ሕግ ጸደቀ። አንድ ሰው የወረሰውን የመኳንንት ማዕረግ ለዕድሜ ልኩ መተው ይችላል አለ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ማዕረጉ አይሰረዝም። ባለቤቱ እስኪሞት ያንቀላፋል፣ ከዚያ ወደ ወራሹ ይሄዳል። ደግሞም ሕጉ ስለ መሬት አንድም ቃል አልተናገረም።

አንዲት ማሻሻያ ታሪክ ቀየረች። መንግሥት ሕጉ ከሚቀጥለው አጠቃላይ ምርጫ በኋላ ሥራ ላይ እንዲውል ነበር ያሰበው። የሎርዶች ምክር ቤት ወዲያው ይጀምር ብሎ አሻሻለው። ከሦስት ወር በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ታመው ሥልጣን ሊለቁ ሆነ። ማሻሻያው ባይኖር ኖሮ 14ኛው ኤርል እጩ መሆናቸው እጅግ ይከብድ ነበር።

ያኔ የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ በምርጫ አይሾምም። የፓርቲው ሹማምንት ውስጥ ውስጡን ይመካከራሉ፣ ምክሩ ለንግሥቲቱ ይቀርባል። ብዙ ሰው የጠበቀው አንጋፋውን ሚኒስትር ራብ በትለርን ነበር። በኦክቶበር 1963 አጋማሽ የተጠሩት ግን ሎርድ ሂዩም ሆኑ። ሁለት ታዋቂ ሚኒስትሮች፣ ኢየን ማክሊዮድና ኢነክ ፓወል፣ በእሳቸው ሥር አናገለግልም ብለው ወጡ። ማክሊዮድ በኋላ ምርጫውን የወሰነው አንድ "የአስማት ክበብ" ነው ብለው ጻፉ። የተማሩበት ቤት አንድ፣ የሚጋቡት እርስ በርስ፣ የሚተዋወቁት ከልጅነት የሆኑ ሰዎች ክበብ ማለታቸው ነው።

ሂዩም ኦክቶበር 23 ማዕረጎቻቸውን ተዉ። ከዚያ በኋላ "ሰር አሌክ" ተባሉ፤ "ሰር" የሚለው በግል ከተሰጣቸው የፈረሰኛ ማዕረግ የመጣ ነው። ኖቬምበር 7 በኪንሮስና ምዕራብ ፐርዝሻየር የማሟያ ምርጫ አሸነፉ። በመካከል ባሉት ሁለት ሳምንታት የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር የየትኛውም ምክር ቤት አባል አልነበሩም። እጩነቱን የለቀቀላቸው ሰው ጆርጅ ያንገር ይባላሉ። እሳቸውም የቪስካውንት ማዕረግ የሚጠብቃቸው የመኳንንት ቤተሰብ ልጅ ነበሩ።

ማዕረግ በአንድ ቀን ፊርማ ወረደ። ወደ ታችኛው ምክር ቤት የመለሳቸው ግን የክበቡ ሰው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሂዩም ታሪክ ዋና ነጥቡ እዚህ ላይ ነው። ያ ትውውቅ በፊርማ የሚወርድ ነገር አይደለም።

የሌበሩ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን ስለ "14ኛው ኤርል" ደጋግመው ተናገሩ። ሰር አሌክ በቴሌቪዥን ሲመልሱ፣ ዊልሰንም ሲቆጠሩ 14ኛው አቶ ዊልሰን መሆናቸው አይቀርም አሉ። መልሱ ተወዶላቸዋል። ጥያቄውን ግን አልመለሰም። የአቶ ዊልሰን 13 አባቶች ሕግ የሚያወጡበት ወንበር ለልጆቻቸው አላወረሱም።

በኦክቶበር 1964 ሌበር 317 ወንበር አገኘ፣ ወግ አጥባቂዎቹ 304። ለሰር አሌክ ስም ጥሩ ሆኖ የቀረው ከሽንፈቱ በኋላ ያደረጉት ነው። በ1965 የፓርቲው መሪ በፓርላማ አባላት ድምፅ እንዲመረጥ የሚያደርግ ደንብ አወጡ። የአስማት ክበቡን በር የዘጉት በእሱ የገቡት ሰው ናቸው። ከ1970 እስከ 1974 እንደገና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። በ1971 105 የሶቪየት ባለሥልጣናትን በስለላ ከአገር ያስወጡት በዚያ ዘመን ነው።

ርስቱን የጠበቀው ምንድን ነው?

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። ስኮትላንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ግምት አለ። ከግል የገጠር መሬት ግማሽ ያህሉን የያዙት 500 የማይሞሉ ባለቤቶች ናቸው ይላል። ይህ በአውሮፓ እጅግ ከተከማቹት የመሬት ይዞታዎች አንዱ ነው። እንዴት ሳይበታተን ቆየ?

መልሱ የውርስ ሕጉ ውስጥ ነው። ለዘመናት ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው መሬት በሙሉ ለበኩር ወንድ ልጅ ይሄድ ነበር። ይህ የበኩር ውርስ ይባላል። ትልልቅ ቤተሰቦች ደግሞ የማሰሪያ ውል ይጨምሩበት ነበር። ውሉ መሬቱ እንዳይሸጥና ከዘር ሐረጉ እንዳይወጣ ያስራል። የዕለቱ ባለቤት ጠባቂ እንጂ እንደ ልቡ የሚያዝበት አይደለም። ከ1914 ጀምሮ አዲስ የማሰሪያ ውል ማሰር ተከለከለ።

የበኩር ውርስን ያነሳው ሕግ የወጣው በ1964 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነበሩ? ራሳቸው ሰር አሌክ። በእሳቸው መንግሥት ዘመን የስኮትላንድ ሴቶችና ታናናሽ ልጆች ኑዛዜ በሌለበት መሬት እኩል የመውረስ መብት አገኙ። ትልቅ ለውጥ ነበር። ትልልቆቹን ርስቶች ግን ብዙም አልነካም። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ሕጉ የሚሠራው ኑዛዜ በሌለበት ነው። ባለርስት ቤተሰብ ኑዛዜ ሳይጽፍ አይሞትም። ጠበቃ አለው፣ ትረስት አለው። ትረስት ማለት ንብረቱ በአደራ ጠባቂዎች ስም ተይዞ ጥቅሙ ለተወሰኑ ሰዎች የሚሄድበት አሠራር ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው። በስኮትላንድ ሕግ ልጅ ከወላጁ ንብረት የማይነፈገው ድርሻ አለው፤ ኑዛዜ ቢኖርም። ያ ድርሻ ግን ከተንቀሳቃሽ ንብረት ብቻ ነው የሚወሰደው። ከገንዘብ፣ ከአክሲዮን፣ ከዕቃ። ከመሬትና ከሕንፃ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ልጆች ከመሬቱም ድርሻ አላቸው፤ ስለዚህ ርስት በየትውልዱ ይቆራረጣል። ስኮትላንድ ውስጥ አባት መሬቱን በሙሉ ለአንድ ልጅ ቢያወርስ ሌሎቹ ስለ መሬቱ የሚከሱበት መንገድ የላቸውም። ይህን አሠራር ለመቀየር በተደጋጋሚ ሐሳብ ቀርቧል። እስካሁን አልተቀየረም።

ሰር አሌክ በኦክቶበር 1995 በሂርሰል በ92 ዓመታቸው አረፉ። ከ1974 ጀምሮ በሎርዶች ምክር ቤት የተቀመጡት ለዕድሜ ልክ ብቻ በተሰጣቸው፣ በማይወረስ ማዕረግ ነበር። ሲሞቱ ያንቀላፋው ኤርልነት ነቃ። ልጃቸው ዴቪድ 15ኛው ኤርል ሆኑ። ዴቪድ የባንክ ሰው ነበሩ፤ ኩትስ የተባለውን የቆየ ባንክ በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በ1999 አብዛኞቹ የዘር ሎርዶች ከምክር ቤቱ ሲወጡ 92ቱ እንዲቆዩ ተደረገ። ዴቪድ ከእነዚያ አንዱ ሆነው እስከ 2022 ሞታቸው ድረስ ተቀመጡ። አባት ለመመረጥ ሲሉ የተዉትን ማዕረግ ልጅ አነሡት፣ በዚያም ሕግ አውጪ ሆኑ። ሁለቱም የየዘመናቸውን ሕግ ተከትለው ነው።

የሁለቱ ወገን ክርክር

የዘር ሎርዶች ይቆዩ የሚሉት ሰዎች የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በሹመት የገባ ሎርድ የሾመው ጠቅላይ ሚኒስትር ባለዕዳ ነው፣ የዘር ሎርድ ግን ለማንም አያጎበድድም ይላሉ። ብዙዎቹ በኮሚቴ ሥራ ትጉህ መሆናቸውንም ያነሣሉ። ይህ ሐቅ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በመወለዱ ብቻ በሌላው ላይ ሕግ እንዲያወጣ የሚያስችል በቂ ምክንያት አላየሁበትም። ትጉህ የሆነው ሰው በሌላ መንገድም መግባት ይችላል።

የመሬቱ ክርክር ከዚህ ይከብዳል። ባለርስቶቹ ደንና እርሻ በአምስት ዓመት አይለማም ይላሉ። ትልቅ ይዞታና ለልጅ ልጅ የሚያስብ ባለቤት ይፈልጋል ባይ ናቸው። ተሐድሶ ፈላጊዎቹ ደግሞ ጉዳዩን ከመንደሩ በኩል ያዩታል። የአገሩ መሬት ሁሉ የአንድ ሰው ከሆነ ወጣት ባልና ሚስት ቤት የሚሠሩበት ቦታ የሚያገኙት በእሱ ፈቃድ ነው። እምቢ ካለ ከተማ ይሰደዳሉ፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።

አሁን ደግሞ ጉዳዩ ከመኳንንቱ እየወጣ ነው። ዛሬ ከስኮትላንድ ትልልቅ የግል ባለመሬቶች በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሱት ዴንማርካዊው የልብስ ነጋዴ አንደርስ ፖቭልሰን ናቸው። ዓላማቸው ደንና ዱር መመለስ እንደሆነ ይናገራሉ። ማዕረግ የላቸውም፣ የሎርዶች ወንበርም የላቸውም። የመንደሩ ሰው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ ውሳኔው በማን እጅ ነው?

ኤድንብራ የያዘችው መንገድ

እዚህም ላይ ሰር አሌክ ብቅ ይላሉ። በ1970 እሳቸው የመሩት ኮሚቴ ስኮትላንድ የራሷ ጉባኤ እንዲኖራት ሐሳብ አቅርቧል። በ1979 ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ግን የቀረበው ሕግ ደካማ ስለሆነ "አይሆንም" በሉ፣ የተሻለ ይመጣል አሉ። የተሻለው ሳይመጣ 20 ዓመት አለፈ። ፓርላማው የተቋቋመው በ1999 ነው፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ።

ያ ፓርላማ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው መሬትን ነው። በ2000 ባወጣው ሕግ የፊውዳል ይዞታ ሥርዓት ተሻረ፤ ሕጉ በኖቬምበር 2004 ሥራ ላይ ዋለ። በ2003 መሬት ለሽያጭ ሲቀርብ የአካባቢው ማኅበረሰብ ቅድሚያ የመግዛት መብት አገኘ። የኤግ ደሴት ነዋሪዎች ከዚያም ቀድመው፣ በ1997፣ ገንዘብ አሰባስበው ደሴታቸውን ገዝተው ነበር። በደቡብ ደግሞ የላንግሆም ሰዎች በ2021ና በ2022 ከቡክሉ ዱክ ርስት ከ10,000 ኤከር በላይ ገዙ። ሂዩሞች ካሉበት የድንበር አካባቢ ብዙም አይርቅም።

የ2025ቱ ሕግ ከ1,000 ሄክታር በላይ ላላቸው ይዞታዎች ነው። ባለቤቶቹ መሬቱን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ዕቅድ ማውጣትና ለሕዝብ ማሳየት አለባቸው። ከመሸጣቸው በፊት ማኅበረሰቡ ማወቅ አለበት። መንግሥት ደግሞ ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ከሆነ መሬቱ ተከፋፍሎ እንዲሸጥ ማዘዝ ይችላል። የባለርስቶቹ ማኅበር ሸክም ነው፣ የንብረት መብትም ይጋፋል ብሎ ተቃውሟል። ተሐድሶ ፈላጊዎቹ በበኩላቸው የመሬት ክምችቱን አይቀንስም ብለው ቅር ተሰኝተዋል።

እኔ በዚህ ላይ ለተሐድሶ ፈላጊዎቹ አደላለሁ። የመከፋፈሉ ሥልጣን የሚሠራው መሬቱ ገበያ ሲወጣ ነው። ገበያ የሚወጣው ደግሞ በብዛት የአዲስ ባለሀብት መሬት ነው፤ ገንዘብ ሲያጥረው ወይም ሐሳቡን ሲቀይር ይሸጣል። በኑዛዜና በትረስት ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፈው ርስት ለሽያጭ አይቀርብም። የውርስ ሕጉ እንዳለ ከቀጠለ አዲሱ ሕግ የሚደርሰው የፖቭልሰንን ዓይነት ባለቤት ዘንድ ነው። ከ1605 ጀምሮ ማዕረጉን እየተቀባበለ የመጣው ቤተሰብ ግን የአስተዳደር ዕቅድ ጽፎ መቀጠል ይችላል።